በሰላት ሰዓት ማንም አይጠራትም

ባለፈው ሰኞ የጠገንኩትን ስልክ ለደንበኛዬ ላስረክብ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ነበር። ከጎኔ ጥቁር አባያ የለበሰች ልጅ አለች። አባያው ገና ከፕላስቲኩ መውጣቱ ስለሆነ እጥፋቱ አልለቀቀም። የአዲስ አባያ ሽታ ለማያውቀው ሰው ምንም አይደለም፤ ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ፣ ትንሽ ሽቶ ሽቶ፣ ትንሽ የሱቅ አቧራ ይላል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እናትየዋ የልጅቱን ነጠላ በፌስታል ይዘው አዲሱን ስሟን ያስጠኗታል።

"ስምሽ ማነው?"

"ከድጃ።"

"የአባትሽስ?"

"መሐመድ... አይ፣ ሰይድ።"

"አንቺ! አንዱን ምረጪ እንጂ! አባትሽ ቢሰማ ምን ይላል፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ባል አጋባሽኝ እኮ!"

የሚኒባሱ ረዳት ሳቀ። ልጅቱም አፏን በአባያው እጅጌ ሸፍና ሳቀች። እኔም ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። ሱቄ ገብቼ ግን ካቻቢቴ መያዝ አልቻልኩም። በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ጽሑፍ አልተማርኩም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ስልክ ጥገና የገባሁት። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ ካልኩ አንባቢ ይታገሰኝ።

እህቴ ዘርፌ ትባላለች። ትባል ነበር። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። አሁን ግን እኔ እሷ ያልደረሰችበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፤ ታናሽ ሆኖ መብለጥ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ያኔ መካነ ሰላም እንዲህ አልነበረችም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ዳቦ ሲጨመርበት አንድ ብር ይሞላል፣ ለዚያውም የዳቦው ጠርዝ ተቃጥሎ። ከቴሌ ጎን አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ የወሎ ዘፈን ይለቃል፤ የጁምዓ አዛን ሲጀመር ብቻ ይዘጋዋል። ረመዳን ሲሆን መንዙማ ይከፍታል፣ ሁዳዴ ሲገባ መዝሙር። ሁለቱ ጾሞች የገጠሙ ዓመት ደግሞ "እንግዲህ እኔም ልረፍ" ብሎ ሱቁን ዘግቶ ወደ ደጎሎ ጤፍ ሊነግድ ሄደ፤ ከተማው ሁሉ ሳቀበት። ሴቶቹ ሹሩባቸውን ተሠርተው ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ኮንጎ ጫማቸውን በውሃ አጥበው ያበሩታል። ዘርፌ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራቧን ከትምህርት ቤት ከወጣች በኋላም ትለብሰው ነበር። ክርኑ ላይ ተቀዶ እናቴ በቀይ ክር ጠቅማላታለች፤ ሰማያዊ ክር አልነበረማ።

ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ያን ጊዜ ነው መታየት የጀመሩት። ከአቀስታ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በገመድ የታሰረ ባለ አንበሳ ብርድ ልብስ ካየን፣ አንዲት ሴት ተመልሳለች ማለት ነው። ቤታቸው በዓመቱ አዲስ ቆርቆሮ ይለብሳል። ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ዓይን ይወጋል። የኛ ጣሪያ ሣር ነበር። አባቴ እኔ አፌን ሳልፈታ ነው የሞተው። እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ ዘርፌ ጥንስስ ስትጠነስስ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ የጌሾ ሽታ ነበረው።

ሴቶቹን ወደዚያ የሚልከው ደላላ ዘርፌን ሊመዘግብ ቤታችን መጥቶ "ለክርስቲያን ሥራው ይዘገያል፤ ስሟን ዘሃራ ካልነው ግን በወሩ ትበራለች" አለ። በወሎ ይህ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። የእናቴ አጎት ይማም ይባሉ ነበር፤ የአባቴ አክስት ሰልማ የምትባል ልጅ አለቻት። ስም እዚህ አገር አጥር አይሆንም። እናቴ "ስሙ ብቻ ከሆነ..." አለች። ስሙ ብቻ ግን አልነበረም። ደላላው ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ "ሰላት ካላወቀች በሳምንቱ ይነቁባታል" ብሎ ሄደ።

ጎረቤታችን እቴ ሩቂያ ናቸው ያስተማሯት። እሳቸውና እናቴ በአንድ አጥር፣ በአንድ ቅሬ የኖሩ ናቸው። ቅሬ ማለት በኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይለይም። የክርስቲያኑን መቃብር እስላሙ፣ የእስላሙን ክርስቲያኑ ተራ ገብቶ ይቆፍራል። እቴ ሩቂያ መጀመሪያ እምቢ አሉ።

"አልሰማሽም ደብሬ? ለማስመሰል ሰላት አላስተምርም። የጌታ ፊት ቲያትር ቤት ነው እንዴ?"

"ትያዝብኛለች ሩቂያ። ሰው አገር ነው።"

እቴ ሩቂያ መሬቱን በእግራቸው ጣት ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ ዘርፌን "ነይ በይ፣ ተነሽ" አሏት።

ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ በእሳቸው ጓሮ ተማረች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ አጥሩ ላይ ተደግፌ አያቸዋለሁ። ከሰላት በፊት የመታጠቢያው ውሃ በቢጫ ፕላስቲክ ጆግ ነው። "አፍንጫሽን እንዲህ! ቀስ! እንደ ፈረስ አታንፊው፣ ጎረቤት ይደነግጣል!" ይሏታል። ዘርፌ ውሃው ገብቶባት ስታስነጥስ "ወይ የናንተ ነገር፣ በዓመት አንዴ በጥምቀት ስትረጩ ነው ውሃ የምታዩት" ይላሉ። እሷም አትተኛላቸውም፤ "እርስዎስ በቀን አምስቴ ታጥበው ለምንድን ነው ፊትዎ ያልጠራው?" ትላለች። እቴ ሩቂያ እስኪያነቡ ይስቃሉ። ግንባሯን መሬት ስታስነካ ግን አይቀልዱም። የመጨረሻው ቀን እንዲህ አሏት፤ አጠገባቸው ነበርኩ፦

"እንግዲህ ልጄ፣ ከልብሽ አድርጊው አልልሽም። በግዴለሽነት ግን አታድርጊው። እዚያ መሬት ላይ ስትደፊ ቢያንስ እናትሽን አስቢ። ጀሊሉ ወረቀት አያይም። አብሽሪ።"

ያን ወር ትምህርት ቤት ውስጥ ክርክር ነበረን። የታሪክ መምህራችን የአጅባር ሰው ነበሩ፤ መቅደላን ከደጃቸው እያዩ ነው ያደጉት። የክርክሩ ርእስ "ሉላዊነት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል" የሚል ነበር። እኔ "ይጠቅማል" ከሚለው ወገን ቆሜ ዓለም አንድ መንደር እየሆነች እንደሆነ፣ ባህሎች እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ፣ ሥልጣኔዎች እንደሚማማሩ አነበነብኩ። ምሳሌ አምጣ ሲሉኝ "እህቴ" አልኩ። ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ እንደሆነ፣ የእነሱን ቋንቋና ሥርዓት እንደምትማር፣ የኛን ደግሞ እንደምታስተምራቸው። ተጨበጨበልኝ። መምህሩ ብቻ አላጨበጨቡም። "እንግሊዞችም መቅደላ መጥተው ከኛ ጋር ተነጋግረዋል" አሉ። "በመድፍ ነው የተነጋገሩት። ስትነጋገር መጀመሪያ ማን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ማን እንደቆመ እይ።" ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ያሸነፍኩ መስሎኝ ለዘርፌ ልነግራት ሮጥኩ። ልብስ እያጠበች ነበር። "እኔ ምን አስተምራቸዋለሁ? ጠላ?" አለችኝ።

የሄደችበትን ቀን መጻፍ አልፈልግም። አውቶቡሱ ሲነሳ የካሴት ቤቱ ዘፈን እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ይኸው ነው። ጅዳ ገባች። መጀመሪያ የምናወራው ቴሌ በቀጠሮ ነበር። ጠዋት ሄደን ሰልፍ ይዘን እንጠብቃለን፤ ስማችን ሲጠራ ሳጥን በምታህል ክፍል ሁለታችንም እንገባለን። እናቴ ስልኩን እንደ ሕፃን ራስ በሁለት እጇ ነበር የምትይዘው። "በላሽ?" ትላታለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ጊዜው ያልቃል። ቆይቶ ሞባይል መጣ። የኛም ጣሪያ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ክረምት ሲዘንብበት ግን እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም፣ ያንን ማንም አልነገረንም ነበር።

ጁምዓ ጁምዓ ቤተሰቡ ወደ ዘመድ ስለሚሄድ የዚያን ቀን ትደውላለች። ማዳም የምትላት አሠሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ዘርፌ ራሷ ብላዋለች። አትመታም። አታስርብም። ሥራው ግን ማለቂያ አልነበረውም። ሦስት ፎቅ ቤት ነው። "ዘሃራ! ዘሃራ! ዘሃራ!" ከላይም ከታችም። አንድ ጊዜ፣ ከሄደች አምስት ዓመት ያህል ሆኗት፣ እኔ እንደ ዋዛ ጠየቅኳት።

"እንግዲህ ሸኻ ሆነሻል መቼም። ትሰግጃለሽ?"

"አምስቱንም ነዋ! የንጋቱን ፈጅር ሁሉ።"

"ለማን ነው የምትሰግጂው ግን? እውነቱን ንገሪኝ።"

በር ስትዘጋ ተሰማኝ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"እኔ እንጃ" አለች። "ሰላት ላይ ሳለሁ ማንም አይጠራኝም። ማዳምም ልጆቹም። ፎቁ ቢቃጠል እንኳ እስክጨርስ ይጠብቁኛል። ግንባሬን ደፍቼ እቆያለሁ። ወገቤ ያርፋል። እማን አስባለሁ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስለዚህ አስረዝመዋለሁ።"

"አይነቁብሽም?"

"ምን ይነቃሉ? ማዳም ለእህቷ 'የኔ ሠራተኛ ሰላት የምታሳምር ናት፣ ከኛ ትበልጣለች' እያለች ትመካብኛለች። ባለፈው ለእንግዶቿ ስሰግድ አሳየቻቸው፤ በበሩ ስንጥቅ!"

ሁለታችንም ሳቅን። እየሳቅን ነበር፤ ይህን ሳስብ... አሁን ሳስበው፣ ክርክሩ ላይ ያወራሁት የሥልጣኔ ንግግር ይህ ነበር። አንዷ ወገቧን ታሳርፋለች፣ ሌላዋ በስንጥቅ አይታ ታደንቃለች። ሁለቱም አልዋሹም ማለት ይቻላል። ግን ምንም አልተባባሉም። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋውን "ጨጓራዬን ያመኛል" እያለች ትተወዋለች፤ ማዳም መድኃኒት ትገዛላታለች፤ እሷም መድኃኒቱን ትውጣለች።

ስልኩ የመጣው ጠዋት ነው። ሱቄን ልከፍት ስል። ቁጥሩ የዘርፌ አልነበረም። በአማርኛ የምታወራ ሴት ናት፤ ስሟ ሰሚራ እንደሆነ፣ የማዳም እህት ቤት እንደምትሠራ፣ የደጎሎ ልጅ እንደሆነች ነገረችኝ። ከዚያ "ቁጭ በል ወንድሜ" አለች። ዘርፌ ማታ ራሷን አሟት፣ ሆስፒታል ወስደዋት፣ አልተነሳችም። እንዲህ ነው የተነገረኝ። በኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ፣ ሰው ሊይዝህ ተዘጋጅቶ ነው። እኔ ከሱቄ እስከ ቤት ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ሄድኩ። እናቴ ፊቴን ስታይ አወቀች። እቴ ሩቂያ ከአጥሩ ማዶ አወቁ። ወዲያው እንድናለቅስ ግን አልተፈቀደልንም፤ ስልኩ ገና አልተዘጋማ። ማዳም መልስ ትፈልጋለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ማዳም በዐረብኛ ትናገራለች፣ ሰሚራ ታስተረጉማለች። ማዳምም ታለቅስ ነበር፤ ይሰማል። "ቤተሰቡ ይሁን ካለ ዛሬውኑ ከሰዓት፣ የአስር ሰላት እንዳበቃ እንቀብራታለን ትላለች። ራሷ እንዳጠበቻት ትናገራለች።"

"ላኩልኝ" አለች እናቴ። "ልጄን ላኩልኝ በያት። አጥንቷን ላኩልኝ።"

ሰሚራ ተናገረች። ማዳም ረጅም መልስ ሰጠች።

"እንዲህ ያለች ሰጋጅ ሴት እንደ ዕቃ በሳጥን አትጫንም ትላለች። ወረቀቱ እስኪያልቅ ብዙ ወር በማቀዝቀዣ ትቆያለች። በፍጥነት መቅበር ክብሯ ነው። ምን ዓይነት ሙስሊም ቤተሰብ ነው ሬሳ እንዲቆይ የሚፈልግ ትላለች።"

አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረን። ክርስቲያን ናት ካልን ሊቀብሯት አይችሉም፤ ቢዘገይም ትመጣለች። እኔ አፌን ከፈትኩ። ሰሚራ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ልክ ማዳም የተናገረችውን እንደምታስተረጉም ሆና፣ በአማርኛ እንዲህ አለች፦

"ወንድሜ፣ ይህን እኔ ነኝ የምለው፣ እሷ አይደለችም። ልትል የፈለግኸውን አውቃለሁ። እባክህ አትበል። እኔም እንደሷ ነኝ። በአንድ ደላላ ነው የመጣነው፣ በአንድ ቀን። ዘርፌን ካወቁ ማታውኑ ወደኔ ነው የሚዞሩት። ሌሎችም አሉ። እባክህ።"

ከኋላዋ ማዳም "ምን አለ?" የምትል ይመስለኛል፤ ጥያቄ መሆኑ ከድምፅዋ ይታወቃል።

እኔ አልተናገርኩም። እናቴ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች።

"አንቺ ልጅ፣ እናት አለሽ?"

"አለችኝ እማማ። ደጎሎ።"

እናቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ተወዛወዘች። እቴ ሩቂያ በአጥሩ በኩል መጥተው ከኋላዋ ቆመዋል፤ አልነኳትም።

"ይቅበሯት በያት" አለች እናቴ። "ሙስሊም ነን በያት። እግዜር ይስጥልኝ በያት ስላጠበቻት።"

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ቅሬው በነጋታው ወጣ። የቁፋሮ ተራ የደረሳቸው ሰዎች፣ ሦስቱ እስላም አንዱ ክርስቲያን፣ ከልማድ የተነሳ ዶማና አካፋቸውን ይዘው መጡ። የሚቆፈር እንደሌለ የገባቸው ግቢያችን ውስጥ ነው። መሣሪያቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር "ኧረ ከአጥሩ ውጪ አድርጉት፣ እናት ታየዋለች" አሏቸው። እናቴ ግን አይታዋለች። ሬሳ ከሌለ የሟች ልብስ ተይዞ ነው የሚለቀሰው። የላከቻቸው ብርድ ልብሶችና አንድ ተርፎ የቀረ አባያ ነበር። እናቴ እነዚያን አልነካችም። ያንን ሰማያዊ ሹራብ ከሳጥን አወጣች፤ ክርኑ ላይ ቀዩ ክር አለ። ሴቶቹ ተቀባበሉት። እቴ ሩቂያ እጅጌውን ይዘው "ዘርፌ! ዘርፌዋ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ፤ ልጃቸው ብትሞት ከዚያ በላይ የሚያደርጉ አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ የነፍስ አባታችን ዘንድ ይዛኝ ሄደች። አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ዘርፌን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። ፍትሐት እንዲፈቱላት ጠየቀች። ያን ያህል ብቻ ነበር የፈለገችው፤ ተዝካርም አላለች፣ ድንኳንም አላለች። ፍትሐት ያልተፈታለት ሰው መንገድ ላይ እንደቀረ ነው፤ እናቴ እንዲህ ነው የምታምነው። አባ ወደ እናቴ ዞሩ።

"በማን ሥርዓት ተቀበረች?"

"በእስላም።"

"በሕይወቷስ? ትሰግድ ነበር?"

እናቴ ወደኔ አየች። እኔ የነገረችኝን እንዳለ ነገርኳቸው። ወገቧን ለማሳረፍ እንደነበር። ሁዳዴን በጨጓራ እያመካኘች እንደምትጾም። አባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ልጄ፣ የምትለውን አምንሃለሁ። ልቧን ግን እኔ አላይም። ሰው ሌላ ሥርዓት ይዞ ኖሮ፣ በዚያው ሥርዓት ከተቀበረ፣ ፍትሐት አልፈታም። አልችልም። ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ደብሬ።"

ወጣን። እቴ ሩቂያ ሰምተው ተቆጡ። "አንቺ ቤት ፍትሐት ከሌለ እኔ ቤት ዱዓ አለ!"

"ሩቂያ፣ ዱዓ ስታደርጊ በማን ስም ልትጠሪያት ነው?"

"በዘርፌ ነዋ! ዘሃራ የምትባል ልጅ እኔ አላውቅም!"

እናቴ አቀፈቻቸው። ዱዓውም ተደረገ፤ ሰው ሞልቶ። ነገር ግን እናቴ ያን ቀን ማታ እህል አልቀመሰችም። ከዚያም ጊዜ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቅጥሩ ውስጥ አትገባም፤ ከውጪ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። "እሷ ያልገባችበት እኔ ምን አገባኝ" አለችኝ፤ አንዴ ብቻ ነው ያለችው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ካሴት ቤቱ ፈርሶ ባንክ ሆነ። መንገዱ ተሠራ። ሻይ አሥር ብር ገባ፣ ከዚያም አለፈ። እኔ የስልክ መስታወት እቀይራለሁ፤ የደንበኞቼ ስልክ ውስጥ የግማሹ የፊት ሥዕል የጅዳ፣ የሪያድ፣ የቤይሩት ፎቅ ነው። የልጅነት ጓደኞቼ እዚያ ሆነው ልጆቻቸውን በስልክ ያሳድጋሉ። ዓለም በእውነት አንድ መንደር ሆናለች። ቅሬ ግን የላትም።

ሰሚራ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ መጣች። ሳትነግረን። ከደጎሎ በሚኒባስ ተሳፍራ፣ ሰው ጠይቃ፣ በራችን ላይ ቆመች። ነጠላ ለብሳ ነበር። ድምፅዋን ስሰማ ነው ያወቅኳት። እናቴ ግን ከድምፅዋም በፊት አወቀቻት፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እጇን ይዛ አስገባቻት። ከዚያ የበላችውን፣ እናቷን፣ መንገዱን ጠየቀቻት። የዘርፌን ነገር የጠየቀችው በመጨረሻ ነው።

"መቃብሯን አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ማዳም አንድ ጊዜ ወስዳኛለች፤ ሴት ብዙ አይፈቀድም፣ ከአጥሩ ሆኜ ነው። ስም የለውም እማማ። የማንም መቃብር ስም የለውም እዚያ፤ የሀብታምም። ድንጋይ ብቻ።"

"እንዴት አድርገው አስተኟት?"

"በቀኝ ጎኗ።"

"ፊቷስ? ወደ የት ነው?"

"ወደ መካ ነው። ሁሉም ወደ መካ ነው።"

እናቴ እንደማታውቅ ሁሉ "መካ ከዚያ በየት በኩል ነው?" አለች።

ሰሚራ አሰበች። በእጇ አየር ላይ አቅጣጫ ፈለገች፤ የማዳምን ቤት ሰገነት፣ ልብስ የምታሰጣበትን፣ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣበትን። "በፀሐይ መውጫ" አለች። "ጅዳ ከባሕሩ ዳር ነው፤ ባሕሩ በመጥለቂያ በኩል ነው። መካ በመውጫው።"

እናቴ ተነሳች። እንዲህ በፍጥነት ስትነሳ ከዓመታት ወዲህ አላየኋትም። የኛ ሙታን ወደ ምሥራቅ ዞረው ነው የሚቀበሩት፤ ጌታ ሲመጣ ፊት ለፊት እንዲያዩት። "ጫማሽን አድርጊ" አለቻት። "አንተም ተነሳ።"

አባ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ደጀ ሰላሙ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እናቴ በዚያን ዕለት ቅጥሩን አልፋ ገባች። ሰላምታ እንኳ በደንብ አልሰጠቻቸውም።

"አባ፣ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው።"

"የማን ፊት?"

"የዘርፌ። ይቺ ልጅ አይታዋለች።"

አባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሚራን አዩአት። ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው።

"ደብሬ፣ ወደ መካ ብለው ነው ያዞሯት እኮ።"

"እነሱ ወደ መካ ብለው ይሁን። እሷ ግን የተኛችው ወደ ምሥራቅ ነው።"

"ምሥራቅ መዞር ብቻውን..."

"አውቃለሁ አባ። ክርስቲያን ያድርጓት አላልኩዎትም። ያንንማ እርስዎ ራስዎ በሰማንያ ቀኗ አድርገዋታል። እኔ የምልዎ፣ ሲመጣ ታየዋለች ነው። ታየዋለች፤ ግን ማንም ከዚህ ስሟን አልላከላትም።"

አባ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሰሚራ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች።

"ፍትሐት አልፈታም" አሉ አባ። "ያልኩት ያልኩት ነው፤ በዕድሜዬ መጨረሻ አላፈርሰውም።" ትንፋሽ ወሰዱ። "እሑድ በቅዳሴ የሙታን ስም ሲነሳ ግን... የክርስትና ስሟ ማን ነበር? ረስቼዋለሁ።"

"ወለተ ሥላሴ" አለች እናቴ።

"እሺ።"

"ወለተ ሥላሴ።"

"እሺ ልጄ።"

"ወለተ ሥላሴ፣ አባ።"

"ሰማሁ፣ ደብሬ። ሰማሁ።"

ወጥተን ቁልቁለቱን ወረድን። እናቴ በኔና በሰሚራ መካከል ነበረች። ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ግን እስከ ቤታችን በር ድረስ አላረፈም።